የሚያልበው ግድግዳ

ግንቦት 2

ለመምህርት እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። መድረሴን ለማወቅ ሦስት ጊዜ ደውለሻል፤ ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት። ስልክ ላይ አንቺ ታሸንፊኛለሽ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ያስተማረ ሰው አፍ እኔ ከየት አመጣለሁ? ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፤ እኔ እጽፋለሁ፣ አስጎብኛችን ፎቶ አንስታ በልጅሽ ስልክ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ በዚያው መንገድ መልሺልኝ። በእጅሽ ነው ያልኩሽ። የእጅ ጽሑፍሽን ከሺህ ወረቀት መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደማውቀው ታውቂያለሽ።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አልጋው ደህና ነው። ክፍል የምጋራት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስታንኮራፋ መኪናዋን አሁንም የምትረግጥ ይመስላል። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ይህ አገር ደግሞ ደረጃ ብቻ ነው። አስጎብኛችን ቀይ ጃንጥላ ሽቅብ ይዛ ከፊት ትሄዳለች፣ እኛ ሃያ ሁለት ሽማግሌና አሮጊት እንደ ጫጩት ከኋላ እንከተላታለን። ቋንቋችንን አጥርታ ትናገራለች። ስሟን ነግራን ነበር፤ ሁላችንም ግን ባለጃንጥላዋ እንላታለን።

ዛሬ የመጀመሪያውን ካቴድራል አየን። ስምንት መቶ ዓመቱ ነው አለችን። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ጣሪያውንና ባለቀለሙን መስኮት ያያል። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ምን ላድርግ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስለስን የኖርኩ ሰው ነኝ። ማዕዘኑን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ዘበኛው ጣቱን አወዛወዘብኝ። «እኔ ብነካው ነው ደስ የሚለው» አልኩት፤ አልገባውም።

አሁን ሆዴ ውስጥ ያለውን ልጻፈው። ቲኬቱን ተቀብዬ መምጣቴ ይቅር ማለቴ እንደሆነ ጠየቅሽኝ። አይደለም። ዕድሜሽን ሙሉ ስትመኚው የኖርሽው ጉዞ ነው፣ እግርሽ ተሰበረ፣ ቲኬቱ ሊቃጠል ሆነ፤ መጣሁ። ሌላ ትርጉም አትስጪው። እኔ ኖራ ሳቦካ አንቺ ትምህርት ቤት መሄድሽን ድሮ ይቅር ብያለሁ፤ ያ የአባባ ውሳኔ ነው። ይቅር ያላልኩት ያንን ወረቀት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ማንበብ አልችልም፣ የቅጥር ቅጹን አንቺ ሞላሽልኝ፣ እኔ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። በስድሳ ዓመቴ ጡረታ ስወጣ ፋይሌን ሰጡኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው። «የሥራ ዓይነት፦ የጉልበት ሠራተኛ» ይላል፤ በአንቺ ውብ ጽሑፍ። ለካ ለሳኞች ሲቆጠሩ፣ ፎርማን ሲመረጥ፣ እኔ ዝርዝሩ ላይ ኖሬ አላውቅም። ልስን ያስተማርኳቸው ሰዎች ፎርማን ሆነው «እማማ፣ ውሃ አምጪ» ሲሉኝ የኖርኩት ለዚህ ነው።

ሙያሽን ምን እንደሚሉት አላወቅኩም ነበር ብለሻል። እሺ። አላወቅሽም።

እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።

ታላቅ እህትሽ


ግንቦት 4

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ይኸው፣ በእጄ ጻፍኩ። ልጄ ደብዳቤሽን ጮክ ብላ ልታነብልኝ ስትል ስልኩን ነጠቅኋት። «የራሴን ደብዳቤ ራሴ አነባለሁ!» ስላት፣ «አክስቴን መሰልሽ» አለችኝ። አልተቀየምኩም።

እግሬ ደህና ነው። ዶክተሩ ከአልጋ እንዳልወርድ ስለተናገረ ከአልጋ አልወርድም፤ ለዚህ መሐላ አያስፈልገኝም።

ስለ ወረቀቱ አልከራከርሽም። ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ ዛሬ ግን ብዕሩ እምቢ አለኝ።

የሮማውያንን የመታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ አየሽው? ሠላሳ ሦስት ዓመት ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እሱን ነው፤ ያውም መጽሐፍ ላይ ካለች አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ተነስቼ። ግድግዳው ውስጥ ሙቅ አየር ያስኬዱ ነበር ስላቸው አንድ ተንኮለኛ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ሄደው አይተውታል?» ይለኝ ነበር። እስቲ አንቺ እዪልኝ። ዋሽቼ ከሆነም ንገሪኝ።

ታናሽሽ


ግንቦት 7

ለመምህርት እህቴ፣

አልዋሸሽም። ግድግዳው ውስጥ ከሸክላ የተሠሩ ክፍት ቱቦዎች ቆመዋል፤ አንዱ ተሰብሮ ውስጡ ይታያል። እጄን ሰደድኩ። ጥቀርሻው አሁንም አለ፣ ጣቴን አጠቆረው። ለዚያ ተማሪሽ ጣቴን ባሳየው ደስ ባለኝ።

ከመታጠቢያው ሥር ውሃ የሚያጠራቅሙበት ጉድጓድ አለ። በብረት ደረጃ ወረድን። ልብስ ሰፊዋ «መቃብር ነው፣ አልገባም» ብላ ላይ ቀረች። እህቴ፣ ልስኑ ሁለት ሺህ ዓመት ቆይቶ ዛሬም ውሃ ይይዛል! መልኩ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ባለጃንጥላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሸክላ ፈጭተው ከኖራ ጋር ያቦኩት ነበር፤ ከዚያ ምስጢሩ ለብዙ ዘመን ጠፋ» አለች።

«ከማን ነው የጠፋው?» አልኳት።

«ማለት?»

«ከአባቴ አልጠፋም። የውሃ ማጠራቀሚያ ሲለስን የተሰበረ ሸክላ እኔን ያስወቅጠኝ ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም። አንዱ ማዕዘን ላይ ለሳኙ በአውራ ጣቱ ጠረግ ያደረገበት ምልክት ቀርቷል፤ እኔም ማዕዘን የምጨርሰው እንደዚያው ነው። ጣቴን አስገባሁበት፤ የእሱ ይሰፋል።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ካቴድራል ሄድን። በጎን በኩል ያለች ትንሽ የጸሎት ክፍል በሸራ ተጋርዳለች፤ ጥገና ላይ ናት። ሌሎቹ ሐውልት ሲያዩ እኔ ሸራውን ገለጥ አድርጌ ገባሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የገባሁት። አራት ሠራተኞች ግድግዳውን በሲሚንቶ ይለስናሉ። አሮጌ የኖራ ግድግዳ በሲሚንቶ! ባለፈው ወር የጨረሱት ጎን ገና ካሁኑ ያልበዋል፤ ከሥሩ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። በጣቴ አንጓ መታ መታ አደረግሁት። ባዶ በርሜል።

ሽበታም የሆነው አለቃቸው መጣና ተቆጣኝ መሰለኝ። ባለጃንጥላዋ እየሮጠች ደረሰች፤ ያየሁትን ነገርኳት።

«ሴትዮዋ ምን እያለች ነው?» አላት።

«ግድግዳውን አፈናችሁት ነው የምትለው። ሲተነፍስ የኖረን ግድግዳ አፉን ዘጋችሁት።»

ሸበቶው ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ራሱ በጣቱ መታው። በኋላ በር ይዞኝ ወጣ፤ ጓሮ ውስጥ በውሃ የተሸፈነ የኖራ ጉድጓድ አሳየኝ። ሦስት ዓመት የተኛ ኖራ! ጣቴን ነከርኩ፤ ቅቤ ነው። እሱም ኖራ ይሻላል ብሎ ሲጨቃጨቅ፣ የካቴድራሉ ጽሕፈት ቤት ሲሚንቶ ይፈጥናል ብሎ አስገድዶት ኖሯል። በኖራ የሚለስን ሰው ደግሞ ከእንግዲህ አይገኝም አሉት።

ነገ እንድመለስ ጠይቆኛል። ይህን ስነግራት ልብስ ሰፊዋ ስፌቱ የተፈታውን የቀሚሴን እጅጌ ለነገ ጠቅማልኛለች። ደግ ናት፤ ማንኮራፋቷን ይቅር ብያታለሁ።

ታላቅሽ


ግንቦት 8

እህቴ፣

ሰላምታውን ለነገ አቆየሁት፤ ቸኩያለሁ።

ዛሬ ሸበቶው እርጥቡ ግድግዳ ላይ ሁለት መደብ አስለሰነ፣ እያንዳንዱ ክንድ በክንድ። አንዱን ሠራተኛው በሲሚንቶ፣ ሌላውን እኔ በኖራ። እጄ አልረሳም። ሰዎቹ ሥራቸውን ጥለው ቆመው ያዩኝ ነበር። አምስት ቀን ይታያል፤ የሚሻለው ከታወቀ ግድግዳውን በሙሉ ለእኔ ሊሰጠኝ ይፈልጋል። ቡድኑ ወደ አገር የሚመለሰው በ13 ነው፤ ሥራው ከተፈቀደ የእኔን ቀን ያራዝሙልኛል።

ነገር ግን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ መነጽር የምታደርግ ሴት፣ «ለሳኝ መሆኗን የሚያስረዳ ወረቀት ታምጣ» አለች። እስከ 13 ጠዋት። ያለ ወረቀት ማንም መወጣጫው ላይ አይወጣም።

ወረቀት ላይ ያለሁት ምን ተብዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ካንቺ የምለምነው ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወረቀት የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። የድሮ መሥሪያ ቤቴን ጠይቂልኝ። በልጅሽ በኩል በስልክ አስጠይቂ፤ ራስሽ እንዳትነሺ።


ግንቦት 11

ለእትዬ፣

ለዘገየሁበት ይቅርታ። ሁለት ቀን ቢሮ ለቢሮ ስዞር ነበር። አዎ፣ በክራንች። ስትመለሺ ትቆጪኛለሽ።

የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ወጣት ነው። ፋይልሽን አውጥቶ ገለጠልኝ። «የተዘጋ ፋይል አይስተካከልም እናቴ። በጊዜው ማመልከት ነበረባቸው» አለኝ።

«በጊዜው ማንበብ አይችሉም ነበር» አልኩት።

«የሚያነብላቸው ሰው አልነበረም?»

 ክራንቼን ይዤ ወጣሁ።

አንድ መንገድ ቀርቶልናል። የትምህርት ቤቱ ማህተም እኔ ዘንድ ነው። ለሳኝ መሆንሽን የሚመሰክር ወረቀት ዛሬውኑ ጽፌ ማህተም ላሳርፍበት እችላለሁ። እዚያ ማን ያውቃል? እሺ በይኝ ብቻ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ ላይ አጭበረብራለሁ።

ከመወሰንሽ በፊት ግን ያልነገርኩሽን ስሚ። ሙያሽን ምን እንደሚሉት አውቅ ነበር። «ለሳኝ» ብዬ ጽፌም ነበር። ቅጹን የሚቀበለው ሰውዬ በትከሻዬ ላይ አይቶ፣ «ሴት ለሳኝ! ቆንጂት፣ እህትሽ ፂም አላት እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ሰልፉ ላይ የነበሩትም ሳቁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አዲስ ዩኒፎርም ለብሻለሁ። አፈርኩ። በአንቺ አፈርኩ። ሰረዝኩትና ያኛውን ጻፍኩ። አንቺ ከወዲያኛው መስኮት ሆነሽ፣ ሳትሰሚ፣ አውራ ጣትሽን ቀለም ነክረሽ ትጠብቂኝ ነበር።

ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም፣ እንዲሁ እወቂው፤ ሁሉም ነገር ለእኔ የተሰጠ ይመስልሻል። አባባ ከሥራ ሲገባ የሚያወራው ከአንቺ ጋር ነበር፤ ስለ አሸዋው፣ ስለ ኖራው። እኔን «ተማሪዋ» ይለኝ ነበር፣ እንግዳ እንደሚጠራ።

ታናሽሽ


ግንቦት 13

ለታናሽ እህቴ፣

ማህተሙን ቦታው መልሺ። ስለ እኔ በአንቺ እጅ የሚጻፍ ወረቀት ከእንግዲህ አይኖርም፤ እውነት ቢሆንም።

ዛሬ ጠዋት ባዶ እጄን ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ባለመነጽሯ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ወረቀቱስ?» አለች።

«የለኝም። ፋይሌ የጉልበት ሠራተኛ ይላል፤ ውሸቱን ነው። ግድግዳ ግን አለኝ። ተነሺና እዪው።»

ባለጃንጥላዋ ፊቷ ቀላ። «እንደዚሁ ነው የምተረጉምልዎት?» አለችኝ።

«እንደዚሁ! አንዲት ቃል እንዳታለሰልሺ።»

ባለመነጽሯ ተነሳች። ሁላችንም ወደ ጸሎት ክፍሏ ሄድን፣ ሸበቶው ከፊት። የሲሚንቶው መደብ ዙሪያውን ውሃ ቋጥሯል፣ ዳሩ ላይ ጨው እንደ ሻጋታ አብቅሏል። ሸበቶው ሲመታው ከበሮ ሆነ። የእኔን መታው፤ እንደ ድንጋይ መለሰለት። ባለመነጽሯ መዳፏን አሳረፈችበት። አላነሳችም፤ ሕመምተኛ እንደሚዳስስ ሐኪም ቆየች።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት ልባስ ነው፣ በየመሃሉ ሳምንት ያርፋል። የሚቸኩል ካለ ሲሚንቶውን ይዞ ይሂድ።»

ሸበቶው ሳይተረጎምለት ሳቀ።

ቅጽ አመጣች። ስም፣ የአባት ስም፣ የሥራ ዓይነት። ባለጃንጥላዋ ብዕር አውጥታ፣ «ልሙላልዎት?» ብላ እጇን ዘረጋች። «እጅሽን ሰብስቢ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ምስኪን ደነገጠች። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ፊደል ጻፍኩት። ሦስት ፊደል ናት። ለሦስት ፊደል አርባ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ከሥሯ ባለጃንጥላዋ በእነሱ ቋንቋ አስቀመጠችው። ሸበቶው ቅጹን አንስቶ ለሠራተኞቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። አልሳቁም። ያ ሲሚንቶ የለሰነው ሰው ባልዲ አነሳና ወጣ። ውሃ ሊያመጣልኝ ነው። ውሃ አመጣልኝ፣ እህቴ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስለ ነገርሽኝ ነገር። ያነበብኩ ዕለት ስልኩን ልወረውረው ነበር፤ የሰው ስልክ ሆነብኝ እንጂ። ሁለት ቀን ሙሉ በሆዴ ስጣላሽ ዋልኩ። ያንን ስርዝ አውቀዋለሁ። ፋይሉን የሰጡኝ ሰሞን ከሥሩ ምን እንዳለ ላይ ብዬ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ ስንት ቀን አፍጥጬበታለሁ፤ አልታየኝም። ለካ እዚያው ነበርኩ።

እውነቱን ልንገርሽ? አውቀሽ ማድረግሽ ይሻለኛል። እኔን ያቃጠለኝ፣ እህቴ እጄ ምን እንደሚሠራ ሳታውቅ ኖረች የሚለው ነበር። ታውቂ ኖሯል። መጀመሪያ የጻፍሽውም እሱን ነው። ማፈርሽን ግን ገና አልዋጥኩትም፤ ጊዜ ስጪኝ።

ስለ አባባ የጻፍሽውን መወጣጫው ላይ ሆኜ አላነበውም። እንባ ጨው ነው፣ ጨው ደግሞ የኖራ ጠላት ነው።

ቡድኑ ዛሬ ከሰዓት ይሄዳል። ባለጃንጥላዋ የምትኖረው እዚሁ ከተማ ስለሆነ እሷ ቤት አርፋለሁ። እግርሽን ዳግም አውጥተሽ ብታዞሪው ግን አንቺን ነው በሲሚንቶ የምለስንሽ።

ታላቅ እህትሽ


ግንቦት 22

ለእትዬ፣

«የሥራ ዓይነት» የሚለውን ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ለምን እንደቆምኩ ግን እንጃ። ልጄ «ተቀመጪ፣ እግርሽ!» ብላ ጮኸች።

ጊዜ የሚለውን ወሰድኩ። የፈለግሽውን ያህል ይሁን።

ስለ እግሬ ላልሽው፣ ዶክተሩ ተቆጥቷል፤ ነገር ግን አጥንቱ ገጥሟል። ሌላ የደበቅኩሽ የለም።

አንድ ጥያቄ ፍቀጂልኝ። ልስን አልቋል፣ አሁን እጅ ይነሳ የሚባለው በምን ይታወቃል? አባባ ለአንቺ ነግሮሽ ይሆናል። እኔ ጠይቄው አላውቅም። ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ግን ማወቅ አማረኝ።

ታናሽሽ


ሰኔ 6

ለእህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? እግርሽስ? ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ተቀይሜ አይደለም፤ እጄ ቀኑን ሙሉ ኖራ ሲነካ ውሎ ብዕር አይጨብጥልኝም። ቆዳዬ እንደ ድሮው ተሰነጣጠቀ። ባለጃንጥላዋ ቅባት ገዛችልኝ፤ እናቷ ሳልሆን ለምን እንደምትቆጣኝ እንጃ።

የመጨረሻውን ልባስ በ28 አሳረፍን። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ እርጥብ ጨርቅ ማልበስ፣ ነፋስ መከልከል፣ ሰው ማባረር። ሁለቱ ሠራተኞች አሁን ያለ እኔ ያቦካሉ። አንዱ ይቸኩላል፤ «ኖራ ሲያጣድፉት ይቀየማል» ብዬ የአባባን ነገር አስተማርኩት። በራሱ ቋንቋ ለጓደኛው ሲደግመው ሰማሁት። ሸበቶው የሚጠራኝ በአንድ ቃል ነው። ምን ማለቱ እንደሆነ ባለጃንጥላዋን ስጠይቃት «የሙያው አለቃ እንደማለት ነው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሰምቼ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ሐሙስ እደርሳለሁ። ጠባችን አላለቀም፤ የቀረውን በአካል እንጣላዋለን፣ መጻፉ አደከመኝ። ስጨርስ ደግሞ አንቺ ስለ ሮማውያን ታወሪኛለሽ፣ እኔ ስለ አባባ አወራሻለሁ። እሱ ስለ አንቺ ለእኔ ያወራኝ የነበረውን አታውቂውም። እሱንም በአካል።

ለጥያቄሽ፣ በዓይን አይታወቅም። ዓይን ይሸነገላል። አባባ ይል የነበረው፣ «ጠላትህን ጥቁር ልብስ አልብሰህ ግድግዳው ላይ አስደግፈው፤ ያላለቀ ልስን ጀርባው ላይ ነጭ ይተዋል» ነው።

ዛሬ ጠዋት ሸራውን አንስተው ክፍሏን ለሰው ከፈቱ። ባለመነጽሯ ንግግር አደረገች፣ ሰው አጨበጨበ፣ ሁሉም ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና ወጣ። ግድግዳውን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሸበቶው በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤ እሱም አስተውሏል። ከዚያ አንዲት ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት ሕፃን ታቅፋ ገባች። ደክሟታል። መቀመጫ ሳለ እሱን ትታ ጀርባዋን ሙሉ ለሙሉ ግድግዳዬ ላይ ጣለች፤ ልጁ እስኪተኛ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ግድግዳውን በጀርባዋ አሸችው።  ስትወጣ ተከተልኳት። በአዳራሹ፣ በትልቁ በር፣ በደረጃው፤ ጉልበቴ ደረጃ መጥላቱን ረሳ። ፀሐይ ላይ ስትደርስ ጀርባዋን አየሁት፣ ከትከሻዋ እስከ ታች።

አንዲት ነጥብ ነጭ አልነበረባትም።